ለአርባ ሺህ ዶላር ሠላሳ ዓመት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞርጌጅ ነው። ስለ ሞርጌጅ በጠቅላላው ሳይሆን ስለ እኔና ስለ ባለቤቴ ቤት ሞርጌጅ፣ ደግሞም ፈርመን በሦስተኛው ቀን ስላፈረስነው ውል። ነገሩን ለመናገር ስለሚያሳፍረኝ ብዙ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። የሚያሳፍረኝም ገንዘቡ አይደለም፤ እንደሌላው ሰው አላውቅም ነበር ብዬ ለማመካኘት አለመቻሌ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የኢኮኖሚ ገጽ ነበረኝ። ስለ ብሔራዊ ባንክ የወለድ መጣኔ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ባንኮች የትርፍ መግለጫ ስንቱን ጻፍኩ! ኋላም ሆላንድ ሄጄ በልማት ጥናት ማስተርሴን ያዝኩ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሌሊት ሌሊት የቀኑን ሒሳብ እዘጋለሁ። እንግዲህ የሰው ሒሳብ ሲዘጋ የሚያድር ሰው የራሱን ሳያነብ ፈረመ ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የአሜሪካ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ከአሜሪካ አይጀምርም። አባቴ ከመኖሪያው ሌላ አንዲት የሚያከራያት ቤት ነበረችው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት ሲወረስ እርሷም ሄደች። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ግን ያቺ ቤት በእኛ ዘንድ እንደሞተ ዘመድ ስሟ እየተነሣ ነው ያደግነው። ከዚያ በኋላ አባቴ ቤትና ወረቀት አንድ ላይ ሲነሡ አይወድም ነበር። «ዕዳ ያለበት ቤት የአበዳሪው ቤት ነው» ይላል። ብድር ማለት ለእርሱ ወይ አራጣ ነው፣ ወይ ወለድ አገድ። ወለድ አገድን የማያውቁ ልጆች ካሏችሁ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው፦ ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል፤ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ ምርቱን ይበላል። ሞርጌጅ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ሲያስረዱኝ በአእምሮዬ የመጣው ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ እዚህ መሬቱ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ምርቱን ግን ያው አበዳሪው ይበላል።

የሆነው ሆኖ በሚያዝያ 2018 ቤት ገዛን። ዋጋዋ 375 ሺህ ዶላር ነበር። 75 ሺሁን ለአሥራ አንድ ዓመት ከደመወዝና ከዕቁብ አጠራቅመን ከፈልን። ቀሪውን 300 ሺህ በ4.5 በመቶ፣ በማይለዋወጥ ወለድ፣ ለሠላሳ ዓመት ተበደርን። የወር ክፍያው 1,520 ዶላር ነው፤ የቤት ግብሩና ኢንሹራንሱ ለብቻው ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 1,125ቱ ወለድ ነበር፤ ከዋናው ዕዳ ላይ የወረደው 395 ብቻ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ወለዱ ብዙ ነው፣ ወደ መጨረሻው ዋናው ይበዛል። ግን ማወቅና መሰማት ይለያያሉ። አምስት ዓመት ተኩል ከፍለን፣ ከኪሳችን 100 ሺህ ዶላር ወጥቶ፣ ዕዳችን የቀነሰው 29 ሺህ ተኩል ያህል ነበር። እንግዲህ ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በመካከሉ 2020 መጣ፤ ኮሮናም መጣ፤ ወለዱም ወረደ። ፍሬዲ ማክ የሚባለው ተቋም ከ1971 ጀምሮ በየሳምንቱ የአገሪቱን አማካይ የሞርጌጅ ወለድ ያወጣል። በጥር 2021 መጀመሪያ የሠላሳ ዓመቱ 2.65 በመቶ ደረሰ፤ ያ መዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ባለቤቴ በሆስፒታል ነው የምትሠራው። አብረዋት የሚሠሩት ፊሊፒኖዎች ሁሉ ሪፋይናንስ አድርገው «እኛስ?» አለችኝ። እኔ በየቀኑ በፖስታ ሳጥን የሚመጣውን የአበዳሪዎች ደብዳቤ ሳልከፍት የምጥል ሰው ነኝ። «ማንም ባንክ ለአንቺ ብሎ ወለድ አይቀንስም» አልኳት። ዲግሪ ያለው ሰው መልስ!

እስቲ አሁን ላስላው። ያኔ ቀሪ ዕዳችን ወደ 286 ሺህ ነበር። በ2.75 በመቶ እንደ አዲስ ለሠላሳ ዓመት ብንበደረው የወሩ ክፍያ ወደ 1,168 ይወርድ ነበር፤ በወር 350 ዶላር ማለት ነው። የውል ማስፈጸሚያው 6 ሺህ ዶላር ቢፈጅ እንኳ በአሥራ ሰባት ወር ይመለሳል። ሪፋይናንስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ስሌት ይኸው ነው፦ ወጪውን በወር ለሚተርፈው ታካፍላለህ፤ የሚወጣው ወር ያህል እዚያ ቤት ውስጥ ካልቆየህ ትከስራለህ። ሁለተኛው ስሌት ደግሞ ሰው የሚረሳው ነው። አዲሱ ብድር ሠላሳውን ዓመት ከአንድ ይጀምራል። ክፍያህ ቢቀንስም የተገፋኸው ዓመት አለ። ነገር ግን ያንኑ የለመድነውን 1,520 መክፈላችንን ብንቀጥል ኖሮ፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ የቀረው ዕዳ በሃያ ዓመት ተኩል ባለቀ። ሰባት ዓመት ገደማ! አልተደረገም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው ሆነ።

ወለዱን ማጥናት የጀመርኩት በ2022 ነው፤ ጅብ ከሄደ እንደጮኸው ውሻ። የኑሮ ውድነቱ በዚያው ዓመት በሰኔ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ወለድ ጨመረ። ሞርጌጁም አብሮ ወጣ፤ በጥቅምት 2023 መጨረሻ አማካዩ 7.79 በመቶ ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት አንድ አዛውንት አሉ፤ በ1981 ቤት የገዙ ናቸው። እኛ ስለ ሰባት በመቶ ስናለቅስ «እኔ አሥራ ስምንት ከፍያለሁ» ብለው ፊንጃናቸውን ያስቀምጣሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዓመት መኸር አማካዩ ከ18 በመቶ በላይ ነበር። ግን የዚያን ጊዜው የቤት ዋጋ ስንት እንደነበረ ስንጠይቃቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ልክ በዚያ በጥቅምት ነው ስልክ የተደወለው። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድማችን፣ እኛ ወንድም ጋሼ የምንለው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ላይ ነበር። እህታችን አንዱን ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመርምራ ተስማማ፤ የሚሠራውም ሕንድ አገር ነው። ሕክምናው፣ የሦስት ሰው ጉዞ፣ የወራት መኖሪያ፣ እስካሁን ለእጥበቱ የተበደሩት፣ ሁሉ ተደምሮ 40 ሺህ ዶላር። እኔ ባንክ ያለኝ 6 ሺህ ነው። ዕቁባችንም ገና ወጥቶ ያለቀ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ሰው የማያነበውን የሚፈርመው።

የእኛው ሰው የሆነ አንድ የብድር ወኪል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ክፉ ሰው ነውም አልልም። ለቅሶ ላይ የምንተያይ፣ ሰርግ ላይ አብረን የምንበላ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅሃል! ቤትህ እኮ ዛሬ 470 ሺህ ታወጣለች። ገንዘቡ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል፣ አውጥተህ መጠቀም ነው» አለኝ። ይህ ዓይነቱ ካሽ አውት ሪፋይናንስ ይባላል። አሮጌውን ብድር በአዲስ ትልቅ ብድር ትዘጋና ልዩነቱን በእጅህ ትቀበላለህ። ደግሞም፣ «የአንድ ወር ክፍያ ትዘላለህ፤ የውል ማስፈጸሚያም ከኪስህ አይወጣም» አለኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን እውነት የሚሆኑት ግማሽ ብቻ ነው። የዘለልከው ወር ወለዱ አይዘልልህም፤ ወይ መዝጊያው ላይ ይታሰባል፣ ወይ ብድሩ ላይ ይደመራል። ከኪስህ ያልወጣው ወጪም ወይ ከዕዳው ጋር ይቀላቀላል፣ ወይ ከፍ ባለ ወለድ ትከፍለዋለህ። የኛ ቀሪ ዕዳ 270 ሺህ ተኩል፣ ለወንድሜ 40 ሺህ፣ ለማስፈጸሚያውና ወለዱን ዝቅ ለማድረግ ለሚከፈለው ፖይንት ደግሞ 11 ሺህ ተኩል፤ ጠቅላላ 322 ሺህ ዶላር ሆነ፤ በ7.75 በመቶ፣ ለሠላሳ ዓመት። አንድ ፖይንት የብድሩ አንድ በመቶ ነው፤ በእኛ 3,220 ዶላር።

ያ ልጅ ዋሽቶኛል? አልዋሸኝም። የወኪል ክፍያ በብድሩ መጠን ሊታሰብ ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። 40 ሺህ ካበደረኝ በ40 ሺህ ያስባል፤ 322 ሺህ ካበደረኝ በ322 ሺህ ያስባል። እኔም ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ።

ሐሙስ ኅዳር 2 ቀን 2023 ማታ ውል አስፈራሚው ወደ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ሰውዬው ወረቀቱን እየገለበጠ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ይላል፤ እኛ እንፈርማለን። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አለቀ። ወንድም ጋሼ ጋ ደውዬ «ገንዘቡ ተገኝቷል» አልኩት። ድምፁ ተያዘና ስልኩን ለእህቴ ሰጣት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ባለቤቴ ከዕቁብ ጸሐፊነቷ የተነሣ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሳታይ አታልፍም። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታገላብጥ፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ፣

«ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» አለችኝ።

አየሁት። ጠቅላላ ክፍያ፦ ከ830 ሺህ ዶላር በላይ። ከሥሩ ደግሞ ወለዱ ከብድሩ ሲነጻጸር 158 በመቶ ገደማ መሆኑ ተጽፏል።

«ሠላሳው ዓመት ሲደመር ነዋ» አልኳት።

«አሮጌውን እንደያዝን ብንጨርሰውስ?»

አሰላሁት። 294 ወር ቀርቶናል፤ በ1,520 ሲባዛ 447 ሺህ ያህል። ልዩነቱ 383 ሺህ ዶላር ተኩል። በእጃችን የሚገባው 40 ሺህ ነው።

«ለአርባው ሦስት መቶ ሰማንያ ሦስት?» አለች። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።

ለእውነት ያህል፣ ይህ ስሌት ሙሉ አይደለም። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ የሚከፈል ዶላርና የዛሬው ዶላር እኩል አይደሉም፤ ወለድ ሲወርድም እንደገና ሪፋይናንስ ይደረጋል፤ ቤትም ይሸጣል። ለራሴ ይህን ሁሉ ልነግራት ሞከርኩ። የማይካደው ግን የወሩ ነው። ክፍያችን ከ1,520 ወደ 2,307 ይወጣል። ያቺ ቀደም ያስያዝኳችሁ ቁጥርም አለች፦ 29 ሺህ ተኩሉን ለመቀነስ አምስት ዓመት ተኩል የፈጀብን ሰዎች እንደገና ከመጀመሪያው ወር ልንነሣ ነው፤ በአዲሱ ብድር የመጀመሪያ ክፍያ ውስጥ 2,080ው ወለድ ነበር፣ ከዋናው የሚወርደው 227 ብቻ። ትልቁ ስህተት ደግሞ ይኸው ነው፦ 40 ሺህ በውድ ወለድ ለመበደር ብለን፣ በ4.5 በመቶ የያዝነውን 270 ሺህ አውጥተን በ7.75 ልንለውጠው ነበር። ጤፍ ልበደር ብሎ ጎተራውን እንደማስረከብ።

«አሁንማ ፈርመናል» አልኳት።

ከወረቀቱ መካከል ሁለት ሁለት ቅጂ ሆኖ የተሰጠንን ገጽ አወጣች። እኔ ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ውል የማፍረስ መብት ይላል። የምትኖርበትን ቤት አስይዘህ ከአዲስ አበዳሪ ጋር ሪፋይናንስ ስታደርግ፣ ከፈረምክ በኋላ ሦስት የሥራ ቀን ምክንያት ሳትሰጥ ውሉን ማፍረስ ትችላለህ። መሠረቱ በ1968 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ገንዘቡም ያ ቀን እስኪያልፍ አይለቀቅም። ቅዳሜ ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም። እኛ ሐሙስ ፈረምን፦ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት። እስከ ሰኞ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለን ማለት ነው። መብቱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገዛ አይሠራም፤ ለሚከራይ ቤትም አይሠራም። ያው አበዳሪህ ራሱ ሪፋይናንስ ካደረገልህ ደግሞ የሚሠራው አዲስ በጨመረው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በቃል መናገርም አይበቃም፤ በጽሑፍ ነው። በፖስታ ከተላከ የሚቆጠረው የተላከበት ጊዜ እንጂ የደረሰበት አይደለም። ከባለቤቶቹም የአንዱ ፊርማ ብቻ ለሁሉም ይበቃል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበቻት። ከዚያ ብዕሯን አውጥታ ፈረመች። አልጠየቀችኝም።

ያን ሌሊት ተጣላን። «የኔ ወንድም ስለሆነ ነው» አልኳት። ይህን በመጻፌ ይቅር ትበለኝ፤ ብያታለሁ። እርሷም መልስ አልሰጠችኝም፤ የአባቷን ለቅሶ ቀብር ሳትደርስ በስልክ የሰማች ሰው ናት።

ሰኞ ጠዋት ከሌሊት ሥራዬ ወጥቼ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ሳለሁ ያ ልጅ ደወለ፤ «ነገ ገንዘቡ ይለቀቃል ጋሼ» ሊለኝ። የነገርኩት እዚያው ቆሜ ነው። ዝም አለና «እንደፈለግክ» አለ። ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ልኬ ደረሰኙን ኪሴ ከተትኩ። አበዳሪው በሃያ ቀን ውስጥ የተቀበለውን ሁሉ መመለስ ግዴታው ነው፤ የቤት ግምት ብለን የከፈልነው እንኳ ተመልሷል። ልጁን ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት አግኝቼዋለሁ፤ ሰላምታችን አጭር ናት።

መፍትሔው ከዚያው ከባለቤቴ ሆስፒታል ክሬዲት ዩኒየን መጣ። አሮጌውን ሞርጌጅ ሳይነኩ በቤቱ ላይ ሁለተኛ ብድር፤ 40 ሺህ ብቻ፣ በ8.75 በመቶ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት። ወለዱ ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ቁጥሩን አይቶ «7.75 ይሻል ነበር» ይላል። ግን 8.75ቱ የሚሠራው በ40 ሺው ላይ ብቻ ነው። ክፍያው በወር 400 ዶላር፣ ድምሩ 72 ሺህ። በቀደመው ውል የሚጨምርብን በወር 787 ነበር። ይህም ቢሆን ቤት ማስያዝ ነው፤ ካልከፈልን ቤቷ ትሄዳለች። ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በዚያ ሦስት ሳምንት ወንድም ጋሼ ዘጠኝ ጊዜ ታጠበ። እርሱን በየቀኑ ቆጥሬያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የማልፈው ነገር አለ። ብዙዎቻችሁ «ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ሲቀንስ ያኔ እገባበታለሁ» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ፌዴራል ሪዘርቭ የሚወስነው የአጭር ጊዜውን ወለድ ነው። የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ አብዛኛውን የሚከተለው የመንግሥትን የአሥር ዓመት ቦንድ ነው፤ ያም ገበያው ስለ ወደፊቱ የሚያስበውን ይዞ ይወጣል ይወርዳል። መስከረም 18 ቀን 2024 ፌዴራል ሪዘርቭ ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። የሞርጌጅ አማካይ ግን ቀድሞ ወርዶ በዚያው ወር መጨረሻ 6.08 ከደረሰ በኋላ መልሶ ወጥቶ በጥር 2025 አጋማሽ 7.04 ሆነ። ዜናውን ሰምቶ «ገና ይወርዳል» ብሎ የጠበቀ ሰው ከፍ ያለ ወለድ ጠበቀው ማለት ነው። ተለዋዋጭ ወለድ የሚሏችሁን ደግሞ፣ በቨርጂኒያ ፕሪንስ ዊልያም አካባቢ በ2006 የገዙ ወገኖቻችንን ጠይቋቸው። ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ በሦስተኛው የሚያሻቅብ ብድር ነበር የሰጧቸው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ወለዱን ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ በሽርክና መልክ የሚገዙበት ውል አለ፤ ያንንም ቢሆን ጠቅላላ ክፍያውን ሳያዩ አይፈርሙ።

ወኪል ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ አንድ አትሂዱ፤ ሦስት ሂዱ። ካመለከታችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የብድር ግምት የሚባለውን ሦስት ገጽ ወረቀት እንዲሰጧችሁ ሕጉ ያስገድዳል። የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ በተመሳሳይ ቀን የተሰጠ ይሁን፤ ወለድ በየቀኑ ይለዋወጣል። እኔ የተሰጠኝን ወረቀት መኪናዬ ውስጥ ትቼው ሁለት ሳምንት ከርሟል።

ቀዶ ጥገናው በ2024 የጸደይ ወራት ተደረገ። እህቴም እርሱም ደኅና ናቸው። ባለቤቴ አሁን በየሐሙሱ ከሥራዋ ትደውልልኛለች፤ ፍሬዲ ማክ አማካዩን የሚያወጣው ሐሙስ ነው። «ስንት ገባ?» ትለኛለች፤ እህል በረንዳ ሄጄ የጤፍ ዋጋ ጠይቄ የመጣሁ ይመስል። እነግራታለሁ፤ «ይቆይ» ትላለች።

ባለፈው ወንድም ጋሼ ደውሎ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ያህል ዕዳ አስገባሁህ?» አለኝ። ግማሹን ነገርኩት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ውኃውን ዘጋች፣ ጥቂት ቆየችና መልሳ ከፈተችው።